ያላስመዘገብኩት ውለታ

በአዲስ አበባ ከአሥራ አንዱ ክፍለ ከተሞች በአንዱ የግንባታ ባለሙያ ሆኜ ከመቀጠሬ በፊት ለሰባት ዓመት የሠራሁት ከአንድ አነስተኛ የሕንፃ ተቋራጭ ዘንድ ነው። ባለቤቱን ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ሥራ ፍለጋ ስንከራተት፣ የትምህርት ማስረጃዬን እንኳ ሳያገላብጡ “ነገ ጠዋት ሳይት ና” ያሉኝ እሳቸው ናቸው። ከፌሮ ሠራተኛ ጋር መግባባትን፣ ከአናጢ ጋር መከራከርን፣ የክፍያ ሰርተፊኬት ማዘጋጀትን የተማርኩት ከሳቸው ነው። አባቴ ያረፈ ጊዜ አስከሬኑን ደሴ ያደረሰው የሳቸው መኪና ነበር። አልጠየቅኳቸውም፤ ነዳጁን ሞልተው ከነሾፌሩ ደጃችን ድረስ ላኩት።

መንግሥት ቤት ስገባ ሀብት አስመዝግብ ተባልኩ። በአዋጅ ቁጥር 668/2002 መሠረት የቀረበልኝን ቅጽ ቁጭ ብዬ በጥንቃቄ ሞላሁ፦ የኮንዶሚኒየም ቤታችንን፣ የባንክ ሂሳቤን፣ የባለቤቴን ደመወዝ። የማንም ድርጅት ድርሻ የለኝም፣ የጎን ሥራም የለኝም። እርግጠኛ ሆኜ ፈረምኩ። ስለ ጋሼ በዚያን ቀን ጨርሶ አላሰብኩም። ውለታ ሀብት ነው ብሎ የሚያስመዘግብ ማን አለ?

ከተቀጠርኩ ከ14 ወር በኋላ ለአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የማስፋፊያ ሕንፃ ጨረታ ወጣ። ባለ ሁለት ፎቅ፣ አሥራ ሁለት የመማሪያ ክፍል፣ ከነመጸዳጃው። እኔ የቴክኒክ ገምጋሚ ሆኜ ተመደብኩ። አምስት ተጫራቾች ሰነድ አስገቡ፤ አንዱ የጋሼ ድርጅት ነበር። ፖስታው በሚከፈትበት ቀን ራሳቸው መጥተው ከኋላ ወንበር ተቀመጡ። ዓይን ለዓይን ስንገጣጠም ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰላም አሉኝ። እኔ ወደ ወረቀቱ አቀረቀርኩ።

አፌን መክፈት የነበረብኝ ያኔ ነው። ግን ለራሴ የምነግረው ብዙ ነበረኝ። ድርሻ የለኝም። ከለቀቅኩ ከዓመት በላይ ሆኖኛል። ጋሼም ስለ ጨረታው አንድ ቀን ደውለውልኝ አያውቁም፤ ይህ እውነት ነው፤ እስከ ዛሬም ደውለው አያውቁም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ብናገር “በሳቸው በኩል ነው የገባው” ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ዝም ብዬ ቀይ እስክሪብቶዬን አነሳሁ።

የመሣሪያና የተሽከርካሪ ነጥብ 20 ነበር። የጋሼ ሰነድ ላይ አንድ ገልባጭ ተመዝግቧል፤ ሊብሬው ከነቅጂው ተያይዟል። ያንን ገልባጭ አውቀዋለሁ። እኔ ስለቅ ሞተሩ ወርዶ፣ ሸራ ለብሶ፣ ግቢው ጥግ ቆሞ ነበር። “አገልግሎት የማይሰጥ” ብዬ ጻፍኩና ነጥቡን ቀነስኩ። ለሳይት መሐንዲስነት ያቀረቡትንም ሰው አውቀዋለሁ፤ አብረን ሠርተናል፤ ሥራ ይጎትታል። ከሱም ላይ ቀነስኩ። ድምሩ 67 መጣ። ማለፊያው 70 ነበር። የዋጋ ፖስታቸው ሳይከፈት እንዲመለስ ቃለ ጉባኤው ላይ ፈረምኩ።

እዚህ ላይ የማልደብቀው ነገር አለ። በዚያ ምሽት ቤቴ የገባሁት ደስ ብሎኝ ነው። አባቴን ለቀበሩልኝ ሰው እንኳ አላዳላሁም፣ እንዲህ ያለ ባለሙያ ነኝ እያልኩ ነበር።

ቅሬታ ለማቅረብ የተሰጠው አምስት የሥራ ቀን ሳያልፍ ከጋሼ ድርጅት የአቤቱታ ደብዳቤ መጣ። አንድ ገጽ እንኳ አይሞላም። የገልባጩ ሞተር እንደተቀየረ የሚያሳይ የጋራዥ ደረሰኝ ተያይዞበታል። ከዚያ የባሰው የዓመቱ ቦሎ ቅጂ ነበር፤ መኪናው ምርመራ አልፎ የታደሰለት። ይህ ቅጂ መጀመሪያ በገቡት ሰነዶች ውስጥ ከሊብሬው ቀጥሎ ባለው ገጽ ላይ ነበር። ገጹን አልገለጥኩትም። መልሱን የማውቀው ስለመሰለኝ አልገለጥኩትም። የደብዳቤው የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር እንዲህ ይላል፦ “ገምጋሚው መሐንዲስ ቀድሞ የድርጅታችን ባልደረባ ስለነበሩ፣ መረጃውን ያገኙት ካቀረብነው ሰነድ ሳይሆን ከዚያ ነው ብለን እናምናለን።”

ነበሩ። አገኙት። “ልጄ” እያሉ ያሳደጉኝ ሰው በአንቱታ ጻፉልኝ። ከደብዳቤው ሁሉ ያቺ አንቱታ ነች ያመመችኝ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ብዙ የማይናገሩ ሴት ናቸው። ቢሮአቸው ጠርተው ደብዳቤውን አስነበቡኝና፣ “ኢንጂነር፣ የሌሎቹን አራት ተጫራቾች መኪና ሄደህ አይተሃል?” አሉኝ።

“አላየሁም።”

“ታዲያ የሳቸው እንደማይሠራ በምን አወቅህ?”

የምመልሰው አጣሁ። አራቱን በወረቀት መዝኛቸዋለሁ፤ ከነሱ አንዱ ያቀረበው ገልባጭ ጭራሽ ጎማ ይኑረው አይኑረው አላውቅም፤ ሊብሬውን አይቼ ሙሉ ነጥብ ሰጥቻለሁ። ጋሼን ግን በትዝታ መዘንኳቸው፤ እሱም 14 ወር ባለፈው ትዝታ። የጥቅም ግጭት ሲባል ሁልጊዜ የሚታየኝ የሚያደላ ሰው፣ ፖስታ የሚቀበል ሰው ነበር። እንዳያደላ ፈርቶ የሚበድል ሰውም ያው ሚዛን የተዛባበት መሆኑን ያን ቀን ገባኝ። በጋሼ ጉዳይ ላይ ነጥብ ባበዛም ባሳንስም፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ የያዝኩት ሚዛን ነበር። ደግሞም በሳቸው ቤት እንጀራ ስበላ ያየሁትን የውስጥ ገመና አውጥቼ በሳቸው ላይ ተጠቀምኩበት። ወጪት ሰባሪ የሚባለው ሌላ ማን ነው?

“ዓመት አልፎት የለም ወይ?” ያለኝ የሥራ ባልደረባ ነበር። የአንድ ዓመት መለኪያ በሌላ አገርም አለ። የአሜሪካ የፌዴራል መንግሥት የሥነ ምግባር ደንብ፣ አንድ ሠራተኛ ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ ይሠራበት የነበረ ድርጅት ያለበት ጉዳይ ሲመጣ፣ ገለልተኛነቱ ሊጠረጠር የሚችል ከሆነ አስቀድሞ አሳውቆ ሳይፈቀድለት እጁን እንዳያስገባ ያዛል። በዚያ የቀን አቆጣጠር እኔ በሁለት ወር አልፌያለሁ። ዳሩ ግን እኛ ዘንድ አባትህን የቀበረልህ ሰው በስንት ወር ነው ባዳ የሚሆነው? ለእኛ ለወረዳና ለክፍለ ከተማ ሠራተኞች ደግሞ ነገሩ ይብሳል። የምንገመግመው ተቋራጭ ያሠለጠነን ነው፣ የዕቁብ ጸሐፊያችን ነው፣ የልጃችን የክርስትና አባት ነው። ከተማው ትልቅ ቢመስልም በአንድ ሙያ ውስጥ ያለው ሰው ትንሽ ነው።

ግምገማው ተሰረዘ፤ ሌሎች መሐንዲሶች እንደገና ሠሩት። ሰባት ሳምንት ፈጀ። የጋሼ ድርጅት ቴክኒኩን አለፈ፤ በዋጋ ግን ሦስተኛ ወጣና ሥራውን ሌላው ወሰደው። “ታዲያ ምን ተጎዱ?” የሚለኝ ሰው አለ። የተጎዳው ትምህርት ቤቱ ነው። ሰባቱ ሳምንት የመሠረት ቁፋሮውን ከክረምቱ ጋር አጋጠመው። ሐምሌ ላይ ሄጄ ሳይ የመሠረቱ ጉድጓድ ጢም ብሎ ውሃ ሞልቶ ነበር፤ ፓምፑ ሲያጎድል ሌሊት ዝናቡ መልሶ ይሞላዋል። መስከረም ሲጠባ ልጆቹ እንደገና በፈረቃ ተመዘገቡ። የከሰዓት ፈረቃ ትንንሽ ልጆች ሲመሽ ዋናውን መንገድ ሲሻገሩ ቆሜ አየሁ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶኝ ፋይሌ ውስጥ ገብቷል፤ ይገባኛል። ያ መንገድ ግን ከማስጠንቀቂያው ይልቅ ይከብደኛል።

አሁን የኮሚቴ ምደባ ሲደርሰኝ ሰነድ ሳልነካ አንድ ገጽ ጽፌ አስገባለሁ፦ የት እንደሠራሁ፣ ከማን ጋር ዕቁብ እንዳለኝ፣ የማን ውለታ እንዳለብኝ። የጋሼ ስም ያለበት ጉዳይ ሲመጣ ሰብሳቢዋ በዓይናቸው ወደ በሩ ያመለክቱኛል፤ እወጣለሁ።

ጋሼ ጋ የሄድኩት ለፋሲካ ማግስት ነው። በዚያን ጊዜ ክፍለ ከተማው ውስጥ ምንም ጨረታ አልነበራቸውም፤ ቢሆንም እንደምሄድ ለሰብሳቢዋ አስቀድሜ ነገርኳቸው። ጋሼ ግቢያቸው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ይቅርታዬን ልጀምር ስል እጃቸውን አነሱ።

“አንተ ልጅ፣ ‘እኚህን ሰውዬ አውቃቸዋለሁ’ ብለህ ከክፍሉ ብትወጣ ምን ነበረበት?”

“ፈራሁ ጋሼ። በእርስዎ በኩል የገባ ይሉኛል ብዬ።”

“እና ይበሉሃ! ያስተማርኩህ እኔ አይደለሁም?”

ዝም ተባባልን። ከዚያ ዘበኛውን ጠርተው ሾፌሩን እንዲያመጣው ላኩት። ገልባጩ እዚያው በድሮው ጥግ ቆሟል፤ ሸራው የለም። ሾፌሩ በበዓል ልብሱ ወጣና ቁልፉን አዞረ። በመጀመሪያው ተነሳ።

“ስማው” አሉኝ ጋሼ።