«እስከ» የምትለዋ ቃል

ዛሬ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ከቀጣሪ ወኪል ጋር በስልክ ሲነጋገር አጠገቡ ነበርኩ። «በወር እስከ 12,000 ኪሎ ሜትር ይነዳሉ» አለው ወኪሉ። ሹፌሩ ማስታወቂያውን ጭኑ ላይ ዘርግቶ፣ «እስከ» የምትለዋን ቃል በአውራ ጣቱ ተጭኖ ይዞ፣ «ባለፈው ወር ሹፌሮቻችሁ በአማካይ ስንት ነዱ?» ሲል ጠየቀ።

ዝምታ። ከዚያ «እሱን ቢሮ ሲመጡ እናወራለን» ተባለ።

ክፍያው በኪሎ ሜትር ከሆነ ጎማው ካልዞረ ገንዘብ የለም። ለመጫን መጋዘን በር ላይ 6 ሰዓት መገተር፣ ባዶ መመለስ፣ መኪናው ጋራዥ ሲገባ የሚባክኑት ቀናት፤ እነዚህን ማን ይከፍላል? ወኪሉ ብዙ ጊዜ የሚከፈለው ባስቀጠረው ሰው ቁጥር ነው። ጭነት የሚመድበው ደግሞ ሌላ ሰው ነው፤ ወኪሉ የገባውን ቃል ጭራሽ አልሰማም።

ከሁሉ የሚከፋው፣ ውሉ የሚታየው ሹፌሩ የድሮ ሥራውን ለቆ ከመጣ በኋላ ሲሆን ነው። «ቀድመህ ከለቀቅህ የሥልጠና ወጪ ትመልሳለህ» የሚለው አንቀጽም ያኔ ነው ብቅ የሚለው።

ሥራ ሳትለቁ ውሉን በጽሑፍ ጠይቁ። ለመጫን ቆማችሁ ለምትጠብቁበት ጊዜ የሚከፈለው ክፍያ ከስንተኛው ሰዓት እንደሚጀምር ይጻፍ። እዚያ የሚሠራ ሹፌር ፈልጋችሁ የ3 ወር የደመወዝ ወረቀቱን እንዲያሳያችሁ ለምኑት። ይህን የሚጠይቅ ሹፌር «አስቸጋሪ» ሲባል ስሰማ ያናድደኛል።