የትብብር ደብዳቤ ከማጻፋችሁ በፊት

የሰሜን ሸዋን ታሪክ ላጥና ያለ ሁሉ የሚነገረው አንድ ነው፤ “መጀመሪያ የትብብር ደብዳቤ አጽፍ።” እኔ አልስማማም። ደብዳቤው ይቆይ። መጀመሪያ ስልካችሁን አውጡ።

የእኔ ጉዳይ የአልዩ አምባ ገበያ ነበር። ከአንኮበር ቁልቁል የምትገኘው አልዩ አምባ፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከአፋር በኩል የሚመጣው የሲራራ ነጋዴ ማረፊያ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆኖ ሸዋ የገባው ካፒቴን ሃሪስ፣ ስላየው ነገር ባለ 3 ቅጽ መጽሐፍ ጽፏል። መጽሐፉ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ አለ ተባልኩና ደብዳቤ ይዤ ሄድኩ።

ደብዳቤውን የተቀበሉኝ ሰውዬ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አዞሩት። “ማኅተሙ ፊርማውን አልነካም” አሉ። ተመልሼ አስነካሁ። “የወጪ ቁጥር የለውም።” ቁጥር አስጻፍኩ። አሁን ደግሞ ኃላፊው ካልመሩበት አይሆንም፤ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ከስብሰባ ሲወጡ መስክ ወጡ። ከመስክ ሲመለሱ የመደርደሪያውን ቁልፍ የያዘችው ልጅ ፈቃድ ላይ ሆነች። በር ላይ ያለችው ሻይ ሻጭ እንኳ “ዛሬም አልሆነልህም?” ማለት ጀምራ ነበር። በስንት ውጣ ውረድ መደርደሪያው ሲከፈት ያለው 2ኛው ቅጽ ብቻ ነው። ፎቶ ማንሳትም ክልክል ነው። ለምን? “መመሪያ ነው።” መመሪያውን ላየው እችላለሁ? “እሱ የውስጥ ነው።”

እዚያው ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ የቆዩ መጻሕፍት የሚገኙበትን ድረ ገጽ፣ ኢንተርኔት አርካይቭን ከፈትኩ። 3ቱም ቅጾች አሉ። በነፃ። ያለ ማኅተም። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

መጽሐፍ ስትፈልጉ የስሙን አጻጻፍ ቀያይሩ። ሸዋን እንግሊዞቹ በ“ኤስ ኤች”፣ ፈረንሳዮቹ በ“ሲ ኤች”፣ ጀርመኖቹ በ“ኤስ ሲ ኤች” ነው የሚጀምሩት። ዛሬ በምንጽፈው አጻጻፍ ብቻ ከፈለጋችሁ የ19ኛው ክፍለ ዘመን መጽሐፍ አይወጣላችሁም። የቦታ ስምም እንዲሁ፤ ሃሪስ አልዩ አምባን የጻፈበትና በዚያው ዘመን ሸዋ የነበረው እንግሊዛዊ ሐኪም ቻርልስ ጆንስተን የጻፈበት ፊደል አይገጥምም።

ሃሪስን ብቻ አንብባችሁ አትጻፉ። ከቦምቤይ ጦር የመጣ መሐንዲስ ነው፤ ማጋነን ይወዳል፣ ሰውንም ከላይ ሆኖ ያያል። ለገበያው ጉዳይ እኔ ሐኪሙን ጆንስተንን እመርጣለሁ። አልዩ አምባ ቤት ይዞ ኖሯል፤ እ.ኤ.አ. በ1844 ያሳተመው ባለ 2 ቅጽ መጽሐፍም እዚያው አርካይቩ ላይ አለ። ሚስዮናዊው ክራፕፍም ከሃሪስ በፊት ሸዋ ገብቶ የዕለት ማስታወሻ ይዟል። ፈረንሳይኛ የሚችል ደግሞ በዚያው ዘመን ሸዋ የመጣውን የፈረንሳዊውን ተጓዥ የሮሼ ዴሪኩርን መጽሐፍ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ፣ በጋሊካ ላይ ይፈልግ።

የብራና ነገር ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በማይክሮፊልም ከተነሡት የኢትዮጵያ ብራናዎች ብዙዎቹ የሸዋ አድባራትና ገዳማት ናቸው። አሜሪካ ሚኒሶታ ያለው የሂል ቤተ መጻሕፍት በድረ ገጹ ያሳያቸዋል፤ በኢሜይል መመዝገብ ብቻ ነው። ካታሎጉ መጽሐፉን “ተአምረ ማርያም” ብሎ ስለጠራው አትለፉት። ባዶ ገጾቹንና ኅዳጉን እዩ። ማን ለደብሩ ምን እንደሰጠ፣ የማን መሬት ለማን እንደዞረ የሚጻፈው እዚያ ነው። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው፣ ጽሑፉም ደቃቅ ነው፤ በስልክ አትድከሙ፣ ትልቅ ስክሪን ያለው ኮምፒውተር ፈልጉ።