ዲስኩን ሲጠብቅ የሚውል ላፕቶፕ

በ2012 እ.ኤ.አ. የተሠራው ላፕቶፔ ተከፍቶ ለሥራ እስኪዘጋጅ ድረስ አቦል ተፈልቶ ይጠጣል ብል ማጋነን ይሆንብኛል፤ ይሁን እንጂ አራት ደቂቃ ያህል እንደሚፈጅ ሰዓት ይዤ ለክቼዋለሁ። መጀመሪያ በፕሮሰሰሩ አመካኘሁ። ቀጥሎም ራሙን ከ4 ወደ 8 ጊጋባይት አሳደግሁ፤ ብዙ ፕሮግራሞችን አንድ ላይ መክፈት ቢቀለኝም፣ ለመነሣት የሚወስደው ጊዜ ግን ያው ነበር። በመጨረሻ የሰፈራችን ጠጋኝ የማሽኑ ክፍሎች ምን ያህል እንደተያዙ የሚያሳየውን የዊንዶውስ ታስክ ማናጀር ከፍቶ አሳየኝ፤ ፕሮሰሰሩ ከአሥር በመቶ በታች ሲሠራ ዲስኩ መቶ በመቶ ተይዟል። «ጋሼ፣ ይኼ ማሽን ሥራ በዝቶበት አይደለም፤ ዲስኩን ሲጠብቅ ነው የሚውለው» አለኝ።

ልጁ ልክ መሆኑን ቤት ገብቼ በስሌት አረጋገጥሁ። ነባሩ ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 5,400 ጊዜ፣ ማለትም በሰከንድ 90 ጊዜ የሚሽከረከር በመሆኑ አንድ ዙር 11 ሚሊሰከንድ ያህል ይወስድበታል፤ የተፈለገው መረጃ ከአንባቢው ጫፍ ሥር እስኪደርስ በአማካይ የዙሩን ግማሽ መጠበቅ ግድ ሲሆን፣ ጫፉ ራሱ ከቦታ ቦታ የሚዘዋወርበት ጊዜ ሲታከልበት፣ በየቦታው ከተበተኑ ጥቃቅን መረጃዎች በአንድ ሰከንድ ሊያነብ የሚችለው ከመቶ እምብዛም አይበልጥም። ዊንዶውስ ሲነሣ የሚጠራቸው ግን በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ናቸው። ሃርድ ዲስክን የሚተካው፣ መረጃን በቺፕ ላይ የሚያስቀምጠው ኤስኤስዲ ግን የሚሽከረከር አካል ስለሌለው አንዱን ጥያቄ በ0.1 ሚሊሰከንድ ገደማ ይመልሳል። በኤስኤስዲ ካርቶን ላይ በትልቁ የሚጻፈው «በሰከንድ 550 ሜጋባይት» ትልቅ ፋይል በተከታታይ ሲነበብ ብቻ የሚታይ ፍጥነት ነው፤ ስለዚህ የላፕቶፓቸው የዲስክ ወደብ ሳታ 2 የተባለው የቆየ ዓይነት ሆኖ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ300 ሜጋባይት በታች የሚሆንባቸው ሰዎች እምብዛም የሚያጡት ነገር የለም።

የገዛሁት ባለ 2.5 ኢንች፣ የ500 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ነው። ባለ 480ው ይረክስ ነበር፤ ነገር ግን ነባሩ ዲስክ 500 ስለሆነና የዲስክን ይዘት እንዳለ ወደ ሌላ ዲስክ የሚገለብጠው ክሎንዚላ የተባለው ፕሮግራም ከትልቅ ወደ ትንሽ ዲስክ ሲገለብጥ ስለሚያስቸግር ልዩነቱን ከፈልሁ። መግጠሙ ካቻቪቴ ላነሣ ሰው የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። የፈተነኝ መገልበጡ ነበር፤ ባትሪው ከሞተ ዓመታት አልፈውታልና፣ ግልበጣው ከግማሽ ሲያልፍ መብራት ጠፋና ማሽኑ አብሮ ጠፋ። ለጊዜው ደንግጬ ነበር፤ ሆኖም በግልበጣ ጊዜ ነባሩ ዲስክ ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም፣ ሰነዶቼንም አስቀድሜ በሌላ ዲስክ ላይ አስቀምጬ ነበር። ሌሊት መብራት ሲረጋ ከሀ ጀመርሁት።

አሁን በሃያ ሰከንድ ውስጥ ይነሣል። ማሽኑ ሲከፈት ቀድሞ በሚሠራው ፕሮግራም፣ በባዮሱ ላይ፣ ኤኤችሲአይ የተባለው የዲስክ ግንኙነት ስልት መመረጡን፣ የትኛው መረጃ እንደተሰረዘ ለኤስኤስዲው የሚያሳውቀው ትሪም የተባለው አሠራርም መሥራቱን አረጋግጫለሁ፤ ዲፍራግመንት ማድረግ፣ ማለትም የተበታተኑ የፋይል ክፍሎችን መልሶ ማቀራረብ፣ ግን ለኤስኤስዲ ጥቅም ሳይኖረው ዕድሜውን የሚበላ ስለሆነ ትቼዋለሁ። ኤስኤስዲው ያልፈታው ችግር አለ፤ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ የኔን የሦስተኛ ትውልድ አይ5 ፕሮሰሰር አይቀበልም። በዚህ ምክንያት ኢንተርኔት የምጠቀመው ከዊንዶውስ ጎን ለጎን በጫንሁት ሊኑክስ ሚንት በተባለ ነፃ ስርዓተ ክወና ነው። ያ አዝጋሚ ሃርድ ዲስክም በዩኤስቢ መያዣ ገብቶ የቤተሰቡን ፎቶግራፎች ይጠብቃል።