ከመልሱ ቪዲዮ የጎደሉት ሃያ ደቂቃዎች

ባለፈው የትንሣኤ በዓል ዋሽንግተን ለሚኖሩት አጎቴ እንኳን አደረሰዎ ልላቸው ስደውል፣ ወሬ ወሬን አንሥቶ ስለ እህቴ ሠርግ መጨዋወት ጀመርን። «ጋሼ፣ የሚቆጨኝ የመልሱ ዕለት የአባባ ምርቃት ሳይቀረጽ መቅረቱ ነው» አልኳቸው። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «አንተ ልጅ፣ ምን ነካህ? ምርቃቱንማ እስከ መጨረሻዋ ቃል ቀርጬዋለሁ። ባትሪው እንዳያልቅብኝ ስሳቀቅ ትዝ ይለኛል» አሉኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። እህቴ የተዳረችው በጥር 1988 ዓ.ም. ነው። አባቴ ያረፉት በ1994 ዓ.ም. ነው። ቤታችን ውስጥ የእሳቸው ፎቶግራፍ ሞልቷል፤ ድምፃቸው ግን የለም ብለን ነበር የኖርነው።

አጎቴ ለሠርጉ ሲመጡ በእጅ መዳፍ የሚያዝ ቪዲዮ ካሜራ ይዘው መጡ። ሲመለሱም ካሜራውን ከነካሴቶቹ ለአባቴ ትተውላቸው ሄዱ። የሚቀርጸው «ቪዲዮ ኤይት» በሚባለው ትንሽ ካሴት ሲሆን፣ የክሩ ስፋት 8 ሚሊ ሜትር ነው። ቤታችን የነበረው ዴክ የሚያጫውተው የቪ ኤች ኤስ ካሴት ክር ደግሞ 12.7 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። ትንሹን ካሴት በትልቁ ዴክ የሚያጫውት ማቀፊያ አለ ሲሉኝ ሁለት ቀን መርካቶን አሰስኩ። በከንቱ ነበር። እንዲህ ያለው ማቀፊያ የሚሠራው «ቪ ኤች ኤስ ሲ» ለሚባለው ካሴት ብቻ ነው፤ የእሱ ክር ከትልቁ ጋር እኩል ይሰፋልና። የ8 ሚሊ ሜትር ካሴት ካለ፣ ቀላሉ መንገድ ካሜራውን ራሱን ማጫወቻ አድርጎ በገመድ ማገናኘት ነው።

ቴሌቪዥናችን አሮጌ ስለነበር ከአንቴና ቀዳዳ በስተቀር ምንም ማስገቢያ አልነበረውም። ስለዚህ ዴኩን መሐል አስገባሁት። ከካሜራው የሚወጣውን ቢጫ ገመድ በዴኩ የምስል ማስገቢያ፣ ነጩን በድምፅ ማስገቢያው ሰካሁ፤ ከዴኩ ጀርባ ደግሞ የአንቴና ገመድ ወደ ቴሌቪዥኑ ዘረጋሁ። እንደ ብዙዎቹ የዘመኑ ዴኮች የእኛም ምስሉን የሚልከው በዩ ኤች ኤፍ 36ኛው ቻናል አካባቢ ስለነበር ቴሌቪዥኑን እዚያ ላይ አስተካከልኩት። ምስል ግን አልመጣም። ዴኩ አሁንም የሚጠብቀው ከአንቴና የሚመጣውን ነበር፤ በሪሞቱ «ኤ ቪ» ወደሚለው ማስገቢያ ካልቀየሩለት ከካሜራው የሚመጣውን አያይም። ይህን እስካውቅ ግማሽ ሰዓት ሄደ።

በመጨረሻ እህቴ ብቅ አለች፤ ጥቁርና ነጭ ሆና። ምስሉም አንድ ቦታ አልቆም ብሎ ከታች ወደ ላይ ይንከባለላል። ድምፁ ግን ጥርት ያለ ነበር። ጥፋቱ የገመዱ መስሎኝ ሌላ ገዛሁ፤ ከዚያም ሦስተኛ። ምስል እየተንከባለለ ድምፅ ደኅና ከሆነ ገመድ መግዛት ገንዘብ ማባከን መሆኑን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ጥፋቱ የአገሮቹ ነው ማለት ይቻላል፦ አሜሪካ የተሸጠው ካሜራ በኤን ቲ ኤስ ሲ ሥርዓት ይሠራል፤ ኢትዮጵያ በዚያ ዘመን የምትጠቀመው ፓልን ነበር። የመጀመሪያው አንዱን ሙሉ ምስል በ525 መስመር ይሥልና በሴኮንድ 30 ያህል ምስል ይልካል። ፓል በ625 መስመር፣ በሴኮንድ 25 ነው። የእኛ ቴሌቪዥን በሴኮንድ 25 ሲጠብቅ 30 ስለሚመጣበት ምስሉን ይዞ ማቆም አቃተው። ቀለሙም የሚጓዝበት ሞገድ የተለያየ ስለሆነ፣ አንዱ በ3.58 ሌላው በ4.43 ሜጋ ኸርዝ፣ ቴሌቪዥኑ ቀለም መኖሩን እንኳ አያውቅም። በዚያ ዘመን ከአሜሪካ ካሜራ የተላከለት ቤተሰብ ሁሉ ይህን ሳያይ የቀረ አይመስለኝም።

መላው የተገኘው ከጎረቤት ነው። ከሳዑዲ የተመለሱ ጎረቤታችን ያመጡት ቴሌቪዥንና ዴክ በፊታቸው ላይ «ፓል፣ ሴካም፣ ኤን ቲ ኤስ ሲ» የሚል ጽሑፍ ነበራቸው። ካሜራውን ይዘን ሄድን፤ ገመዱን ሰካን፤ የሙሽራዋ ካባ በወርቅማ ጥልፉ ደምቆ መጣ። የጎረቤታችን ሴቶች እልል አሉ።

በዚያው ወደ ቪ ኤች ኤስ ለመቅዳት ወሰንን። የሠርጉ ቪዲዮ ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር፦ ሁለት ሰዓት የሞላ አንድ ካሴት፣ መልሱ ያለበት የግማሽ ሰዓት ሌላ ካሴት። የገዛሁት ባዶ ካሴት «ኢ-180» የሚል ስለሆነ ለ180 ደቂቃ ይበቃል፣ እንዲያውም ይተርፋል ብዬ አሰብኩ። ሁለተኛውን ካሴት ካሜራው ውስጥ አስገብቼ መቅዳቱን ካስቀጠልኩ በኋላ ቡና ተፈልቶ ተጠራንና ወጣን። ስንመለስ ዴኩ ካሴቱን ወደ መጀመሪያው አጠንጥኖ ጨርሶ ቆሟል። አለቀ አልን፤ አመስግነን ወጣን።

ያ ቅጂ ሰፈሩን ዞረ። ተበድሮ ያልወሰደው ዘመድ አልነበረም። በየቤቱ የሚታየው መልስ ግን ጭፈራው መሐል ላይ ድንገት ይቋረጣል። ሁላችንም የአጎቴ ባትሪ ያኔ ያለቀ መስሎን ነበር። እነሆ ለስንት ዓመት!

ከስልኩ በኋላ ነው ቁጭ ብዬ ያሰላሁት። ካሴቱ ላይ የተጻፈው 180 ደቂቃ የፓል ደቂቃ ነው። በፓል የቪ ኤች ኤስ ክር በሴኮንድ 2.3 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በኤን ቲ ኤስ ሲ ግን 3.3 ያህል። ስለዚህ ያው ካሴት ከካሜራው በመጣው ሥርዓት ሲቀዳ ከሁለት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ብዙም አያልፍም። ክሩ ሲያልቅ ደግሞ ዴኩ በራሱ ያጠነጥናል። ካሜራው የአባቴን ምርቃት ሲያጫውት ዴኩ ክሩን ወደ ኋላ እየመለሰ ነበር ማለት ነው። የቅጂውን የመጨረሻ አምስት ደቂቃ አይተን ቢሆን ኖሮ እዚያው እናውቀው ነበር። ዛሬ ማንም ሰው ካሴት ሲያስቀዳ የምለምነው ይህንኑ ነው፦ ካሜራው ሳይነቀል የቅጂውን መጨረሻ ይይ።

ካሜራው ከእናቴ ቁም ሣጥን ላይ፣ በነጠላ እንደተጠቀለለ ወረደ። ባትሪው ሞቷል። የኃይል ማገናኛው ግን ጀርባው ላይ «ከ100 እስከ 240 ቮልት» ይል ነበር፤ ባይል ኖሮ በ220 ቮልት ላይ አልሰካውም ነበር። ካሴቶቹን ወዲያው አላስገባሁም። መጀመሪያ ከአንድ ጓደኛዬ ምንም የማያስቆጭ የ8 ሚሊ ሜትር ካሴት ለምኜ ሞከርኩበት። ያረጀ ካሜራ ክር ሊበላ ይችላል፤ ከበላ ደግሞ ያንን ካሴት ይብላ። ምስሉ በረዶ የሚዘንብበት ይመስል ነበር። ፒያሳ ያገኘሁት ጠጋኝ ክሩን የሚያነበውን ክብ ብረት በአልኮል ሲያጸዳው ግን ጠራ። የአባቴን ካሴት ከማጫወቴ በፊት ደግሞ ሁለት ነገር አደረግኩ፦ በስሕተት እንዳይቀረጽበት ትንሿን መከልከያ ገፋሁ፤ ቀጥሎም ዓመታት የተጣበቀው ክር እንዲላቀቅ እስከ መጨረሻው ወደ ፊት፣ ከዚያም ወደ ኋላ አጠነጠንኩት።

የዛሬው ጠፍጣፋ ቴሌቪዥናችን ሁለቱንም ሥርዓት በራሱ ይለያል፤ የሚንከባለል ምስል የለም። ችግሩ ሌላ ሆነ። ባለ ሦስት ቀለም ቀዳዳዎቹ የሉትም፤ «ኤ ቪ» የተባለ አንድ ትንሽ ክብ ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው። ለእሱ የሚሆን ባለ ሦስት ጭራ ማገናኛ ገዛሁ። ቢጫውን ከቢጫ ሳገናኝ ምስሉ ቀርቶ ከአንደኛው ድምፅ ማጉያ እንደ ንብ መንጋ የሚጮህ ነገር ወጣ። ይህ ጩኸት መልካም ምልክት ነው፤ ምስሉ በድምፁ መስመር ገብቷል ማለት ነውና። የእነዚህ ማገናኛዎች ውስጣዊ አሠራር ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። የካሜራውን ቢጫ ገመድ ነቅዬ በቀዩ ጭራ ላይ ስሰካው ምስሉ መጣ።

ከማየታችን በፊት መቅዳት ይቅደም አልኩ። ክሩ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያጫውት ቢሆንስ? በዩ ኤስ ቢ የሚሰካ መቅጃ ገዝቼ ካሜራውን ከኮምፒውተሬ ጋር አገናኘሁ። ወዲያው ያ የ1988 ጥቁርና ነጭ፣ የሚንከባለል ምስል ተመልሶ መጣ! ፕሮግራሙ ሲጫን ፓልን መርጦ ነበር። ወደ ኤን ቲ ኤስ ሲ ስቀይረው ቀጥ ብሎ ቆመ። ካሜራው ላይ «ዲስፕሌይ» የሚለውን ቁልፍ ተጭኜ ቁጥሮቹንም አጠፋሁ፤ በድሮው ቅጂ ጥግ ላይ የሰዓቱ ቁጥር ከሙሽሮቹ ጋር አብሮ ሲጨፍር ነበር የሚውለው። ከዚያ እስከ መጨረሻው ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ቡናም አልጠጣሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እህቴ ከልጆቿ ጋር መጣች። እናቴን ከቴሌቪዥኑ ፊት አስቀመጥናት። ጭፈራው መጣ፤ ሁልጊዜ የሚቋረጥበት ቦታ ደረሰ፤ አለፈው። ድንኳኑ ፀጥ አለ። አባቴ በነጭ ጋቢ ተነሥተው ቆሙ፤ ሙሽሮቹ ጎንበስ ብለው ጉልበታቸውን ሳሙ። «እንደ አብርሃምና እንደ ሣራ ያድርጋችሁ» አሉ፣ እኔ ከረሳሁት በላይ በሚጎረንን ድምፅ።

ከቴሌቪዥኑ ውስጥ «አሜን» የሚል የብዙ ሰው ድምፅ መጣ። እናቴም ከወንበሯ ተነሥታ ቆመች፤ ነጠላዋን አስተካክላ ከእነሱ ጋር «አሜን» አለች። ምርቃቱ እስኪያልቅ አልተቀመጠችም።