አንበሳው ሥር የገዛሁት ጫማ

ማክሰኞ ማታ። ጠባብ መሆኑን እያየሁ ጫማ ገዝቼ ገባሁ።

በቴሌግራም ስገዛ ጥንቃቄ አጓድላለሁ ብዬ አላስብም። የቻናሉን የቆዩ ልጥፎች ወደ ኋላ ሄጄ አያለሁ፤ አስተያየት መስጫው ከተዘጋ ትቼ እወጣለሁ። የተከታይ ብዛት አያታልለኝም፤ ተከታይም በገንዘብ ይገዛልና። ሻጩን «የዛሬን ቀን ወረቀት ላይ ጽፈህ ከጫማው ጋር ፎቶ አንሣልኝ» እለዋለሁ። ቀብድ አልከፍልም። አንድ ጊዜ ቦርሳ ልትሸጥልኝ የምትጽፍልኝ ሴት ነበረች፤ 500 ብር ቀብድ ልልክላት የሂሳብ ቁጥሩን ሳስገባ የወጣው ስም ግን የወንድ ሆነ። «ባሏ ይሆናል» ብዬ ላክሁት። ቦርሳውም ሴትዮዋም ጠፉ።

ዛሬ ጫማውን የሚያመጣልኝን ሞተረኛ የቀጠርኩት ብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት፣ አንበሳው ሐውልት ሥር ነው፤ ሰው የሚበዛበት ቦታ ይሻላል ብዬ። ካርቶኑን ስከፍት የሙጫ ሽታ አፍንጫዬን መታው። ፎቶው ላይ ቆዳ የመሰለኝ ነገር ጎንበስ ሳደርገው ነጭ ስንጥቅ አወጣ። 38 ይላል፤ አውራ ጣቴ ግን ታጥፋ ቀረች። ልጁ ሞተሩን አላጠፋም። «እህቴ፣ ሜክሲኮ የሚጠብቀኝ ሰው አለ፤ ካልወሰድሽው የመንገዱን የሚከፍለኝ የለም» አለ። ከራስ ቁሩ ሥር ላቡ ይወርዳል። ይሉኝታ ያዘኝና እዚያው በቴሌብር 2,400 ብር ከፈልኩ።

እናቴ መርካቶ ጫማ ስትገዛ ሶሉን አጣጥፋ፣ ውስጡን ዳስሳ፣ ነጋዴውን «ምን ነክቶሃል!» ብላው ትሄዳለች፤ እርሱም ከኋላዋ ይጠራታል። እዚያ ማፈር የለም። እኔ ላይ ግን ሻጩ የላከብኝ ልከራከረው የማልችለውን ሰው ነው።

የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ፣ ቁጥር 813/2006፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀናት ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል ይላል። ማንን ልጠይቅ? ደረሰኝ የለኝ፤ አድራሻው «ፒያሳ» ብቻ ነው። የማውቃቸው የፒያሳ ሱቆች እንኳ በ2016 ፈርሰው የት እንደገቡ ግራ ገብቶኛል።

አሁን ሻጩ ጽፎልኛል፦ «39 አለን፤ ነገ በዚያው ልጅ ልላክልሽ?» ላቡ ትዝ አለኝ። እስካሁን አልመለስኩለትም።