በራሱ የሚጠፋ አሮጌ ዴስክቶፕ፦ ፎርማት ከማስደረግ በፊት

ኮምፒውተር ድንገት መጥፋት ሲጀምር ብዙ ሰው ፎርማት ለማስደረግ (ዲስኩን ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ ዊንዶውስን እንደገና ለማስጫን) ይሮጣል። እባካችሁ አትቸኩሉ፤ የቤተሰብ ፎቶና ሰነድ የሚጠፋው እንዲህ ነው።

መጀመሪያ መቼ እንደሚጠፋ አስተውሉ። 10 ወይም 20 ደቂቃ ሠርቶ፣ በተለይ ቪዲዮ ሲከፈት ከሆነ፣ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ሙቀት ነው፤ ፕሮሰሰሩ (ዋናው የስሌት ቺፕ) እንዳይቃጠል ማሽኑ ራሱን ያጠፋል። ኮምቦልቻ ከደሴ ይልቅ ስለምትሞቅ፣ ደሴ ላይ ደህና የነበረ ማሽን እዚህ ሊያስቸግር ይችላል። ገመዱን ንቀሉ፣ የኮምፒውተሩን ክዳን ክፈቱና ፕሮሰሰሩ ላይ በተቀመጠው የብረት ማቀዝቀዣ ክንፎች መካከል የተጋገረውን አቧራ በደረቅ የቀለም ብሩሽ አውጡ። ፋኑ እንዳይዞር በጣት ያዙት። በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል ያለው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት (ፔስት) ደርቆ ከሆነ ማቀዝቀዣውን በግድ አትጎትቱ፤ በአንዳንድ አሮጌ ቦርዶች ላይ ፕሮሰሰሩ ተጣብቆ አብሮ ይወጣል፣ እግሮቹም ይጣመማሉ። ለ5 ደቂቃ አሠርታችሁ አጥፉት፣ ገመዱን ንቀሉ፣ ከዚያ ግራና ቀኝ እያዞራችሁ አላቁት። አሮጌውን ፔስት በአልኮል ጠርጋችሁ የአተር ፍሬ የምታህል አዲስ ፔስት ይበቃል።

ሳይሞቅም የሚጠፋ ከሆነ ፓወር ሰፕላዩን (ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለውን ሳጥን) ጠርጥሩ። ደህና በሆነ ሌላ ቀይራችሁ ሞክሩ እንጂ የፓወር ሰፕላዩን ሳጥን አትክፈቱ፤ ከተነቀለ በኋላም አደገኛ ኤሌክትሪክ ይይዛል። ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰሌዳ) ላይ አናታቸው ያበጠ ካፓሲተሮች (ትንንሽ ቆርቆሮ የሚመስሉ ክፍሎች) ካያችሁ ደግሞ መቀየር ያለባቸው እነሱ ናቸው።

ሹት ዳውን ተብሎ ስክሪኑ ጠቁሮ ፋኑ ካላቆመ፣ ዊንዶውስ 10 ላይ ከፓወር ኦፕሽንስ ፋስት ስታርትአፕን (ኮምፒውተሩ ቶሎ እንዲነሳ የሚያደርገውን ምርጫ) አጥፉ።