ሻላ ዳር፣ ጥርሴን ያቀለመውን ውሃ ፍለጋ

ጥርሴ ቡናማ ነው። ልጅ ሳለሁ ስስቅ አፌን በእጄ እሸፍን ነበር። ያደግሁት ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ የጉድጓድ ውሃ እየጠጣሁ ነው። የሰፈራችን ልጆች ብዙዎቻችን እንዲህ ነበርን። ትልልቆቹ «ውሃው ነው» ይሉናል፤ ከዚያ በላይ የሚያስረዳን አልነበረም። ባለፈው ጥር ሻላ ሐይቅ ዳር ወዳለው ፍል ውሃ የሄድኩት ለዚህ ነው። ያንን ውሃ ከሥሩ ላውቀው ፈለግሁ።

ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በጠዋት በሚኒባስ ተነስተን ሞጆን፣ መቂን፣ ባቱን አልፈን አምስት ሰዓት ላይ የአብጃታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ በር ደረስን። እዚያ የአካባቢው ልጅ የሆነ ስካውት፣ የፓርኩ ጠባቂ፣ አብሮኝ ሄደ። የአብጃታ ሐይቅ ዳርቻ ከሩቅ ነጭ ሆኖ ይታያል። ሐይቁ እየሸሸ የተወው ጨው ነው። ያሳዝናል። ስለ እሱ ሌላ ቀን እጽፋለሁ።

ሻላ ግን ጥልቅ ነው፤ 266 ሜትር ይደርሳል። የተኛበት ጎድጓዳ ቦታ ጥንት እሳተ ገሞራ ፈንድቶ፣ ሆዱ ባዶ ሲቀር አናቱ ተደርምሶ የተፈጠረ ነው።

መጀመሪያ እንፋሎቱን አየነው። ከዚያ የድኝ ሽታ ሸተተን። ውሃው ከመሬት እየተንተከተከ ወጥቶ በቀጭን ቦይ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ሁለት ልጆች በቆሎ በማዳበሪያ ቋጥረው ይቀቅላሉ።

«እህቴ፣ እንዳትጠጊ፣ ያቃጥላል» አለኝ ስካውቱ። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 1,550 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃ እዚህ የሚፈላው 95 ዲግሪ አካባቢ ነው። የምንጩ ሙቀትም ከዚያ ብዙ አይርቅም።

«ከየት ነው የሚመጣው?» አልኩት።

«ከታች፣ ከእሳቱ ነዋ።»

እሳቱስ እውነት ነው። ውሃው ግን ከላይ የመጣ ነው። ዝናብ ነው። ኦክስጅንና ሃይድሮጅን ከባድና ቀላል ዓይነት አላቸው፤ በዝናብ ውሃ ውስጥ የሁለቱም ከባድ ዓይነት መጠን አብሮ ነው ከፍ ዝቅ የሚለው። ሃርሞን ክሬግ የተባለ አሜሪካዊ ሳይንቲስት በ1961 እ.ኤ.አ. ይህን በግራፍ ላይ በአንድ መስመር አሳየ። የስምጥ ሸለቆአችን ፍል ውሃዎች ሲመረመሩም የዝናብ ምልክት ነው የሚገኝባቸው። ይህን መጀመሪያ ሳነብ ደንግጬ ነበር። ደጋው ላይ የዘነበው ነው ማለት ነው እዚህ በቆሎ የሚቀቅለው።

መንገዱ ስንጥቁ ነው። ምድራችን እዚህ ላይ በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ወደ ጎን እየተለጠጠች ነው። ስትለጠጥ ትሰነጠቃለች። ዝናቡ በስንጥቆቹ ወደ ታች ይሰርጋል። በአብዛኛው ዓለም አንድ ኪሎ ሜትር ሲወረድ ሙቀቱ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ይጨምራል። እዚህ ግን ቅልጥ ዓለቱ ቅርብ ነው። ከላንጋኖ አጠገብ ባለው አሉቶ ተራራ ላይ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የተቆፈሩ ጉድጓዶች ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ወርደው ከ300 ዲግሪ ያለፈ ሙቀት አግኝተዋል። የጋለ ውሃ ይቀላል፤ ስለዚህ ሌላ ስንጥቅ ሲያገኝ ተመልሶ ይወጣል።

ግን እንደ ወረደ አይመለስም። ከጥልቁ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውስጡ ይሟሟል፤ ልክ አምቦ ውሃ ውስጥ እንዳለው ጋዝ። ያ ውሃውን አሲዳም ያደርገዋል። አሲዱ ዓለቱን ይበላል፤ ውሃው ሶዲየምና ባይካርቦኔት ይሞላል። ካልሲየሙ ግን ኖራ ሆኖ እየረጋ ይቀራል።

የኔም ጥርስ ታሪክ ያለው እዚህ ጋ ነው። የስምጥ ሸለቆው ባልጩትና የእሳተ ገሞራ አመድ ፍሎራይድ የሚባል ንጥረ ነገር አለበት። ካልሲየም የበዛበት ውሃ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ተጣምረው ድንጋይ ይሆኑና ፍሎራይዱ ይቀንስ ነበር። እዚህ ግን ካልሲየሙ ቀድሞ ሄዷል። ፍሎራይዱን የሚይዘው የለም፤ ውሃው ውስጥ ይከማቻል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ የሚፈቅደው በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ በስምጥ ሸለቆ ያሉ ብዙ ጉድጓዶች ከዚያ በላይ አላቸው። ፍሎራይድ ሲበዛ ጥርስን የሚጎዳውና ቡናማ የሚያደርገው ጥርሱ ድድ ውስጥ ሆኖ በሚሠራበት በልጅነት ነው። ሲብስ አጥንትም ይጎብጣል።

ለዓመታት ራሴን ጥርሷን የማትፍቅ ሴት አድርጌ ስቆጥር ኖሬያለሁ። እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ብቻዬን አለቀስኩ።

ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ውሃው በረድ ያለበት ቦታ፣ አንዲት እናት ልጇን ታጥባለች። ጀርባዋን ያማት ነበርና ፍል ውሃው እንደሚያሽላት ነገረችኝ። አመንኳት፤ ሙቅ ውሃ የታመመ ጡንቻን ያፍታታል። ልጁ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው።

«እናቴ፣ የሚጠጣውን ከየት ነው የምትቀጂለት?» አልኳት።

«ከቦኖ። ቦኖው ሲጠፋ ግን ከጉድጓድ።»

አፌን ሳልሸፍን ጥርሴን አሳየኋት። ትንሽ ዝም ብላ አየችኝ። ከዚያ የከብት አጥንት ተከስሎ ፍሎራይዱን ከውሃ እንደሚይዝ ነገርኳት፤ አጥንት ካልሲየም አለውና። የጉድጓዱን ውሃ ማስመርመር እንደሚቻልም ነገርኳት። ስካውቱ ወደ ኦሮምኛ እየመለሰላት እኔም ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ እስኪመሽ አወራን።